አሮጌውን ሞላ ከእጃችሁ እንዳትለቁ

ይሄን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከሱቁ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። የግራ እጄ አውራ ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ።

ነገሩ የመስኮት ሞላ ነው። አዎ፣ ሞላ። ወደ ላይ እየተገፋ የሚከፈት መስኮት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በግራና በቀኝ ጠርዙ ውስጥ ተደብቆ ክብደቱን ይሸከምላችኋል። ደህና ሲሆን መኖሩም ትዝ አይላችሁም። በአንድ እጅ ገፋ ስታደርጉት መስኮቱ ይወጣል፤ የተዋችሁት ቦታ ላይ ይቆማል። ድሮ ይሄን ሥራ የሚሠራው በገመድና በመዘውር የተንጠለጠለ የብረት ክብደት ነበር። የኔው ግን በቀጭን የብረት ቦይ ውስጥ ሞላ፣ ገመድና ትንንሽ መዘውሮች ያሉት ዓይነት ነው። ባለፈው ሳምንት የአንዱ ገመድ ተበጠሰና መስኮቱ ወደ ጎን ተንጋዶ ቀረ።

ራሴ ልቀይረው ብዬ ተነሳሁ። በዚህ አልጸጸትም። ካቻቢቴ ይዤ ፈታሁት፣ ሁለቱንም አሮጌ ሞላዎች አወጣሁ፣ በቢጫ ፌስታል ቋጥሬ ሱቅ ሄድኩ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ስም ሳልጠራም ታውቁታላችሁ። እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ፣ ስልክ እያወራ በአገጩ «ምን ልስጥሽ» የሚል፣ ተናግራችሁ ሳትጨርሱ «አለ፣ አለ» የሚለው ሰውዬ።

አሮጌውን ተቀበለኝ። ጫፉን በአውራ ጣቱ ጠረግ አደረገው። እዚያ ጋ አራት አሃዝ ታትሟል። «ሃያ ስምንት» አለ። የቀሩትን ሁለቱን አላነበባቸውም። እኔም አላነበብኳቸውም። በኋላ እንደገባኝ፣ በዚህ ዓይነት ሞላ ላይ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ርዝመቱን ነው የሚናገሩት፤ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የሚታወቀው ከተከታዮቹ ነው። ሰውዬው ግማሹን አንብቦ ግማሹን ተወው ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ጠይቄው ነበር እኮ! «መስታወቱ ድርብ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጥንካሬው አይለያይም?» ብዬዋለሁ።

«ሞላ ሞላ ነው እህቴ። ርዝመቱ ከገጠመ አለቀ።»

እህቴ አለኝ። ልብ በሉልኝ፣ ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ።

ከዚያ ፌስታሌን ከነሞላው አንስቶ ባንኮኒው ስር ያለ ካርቶን ውስጥ ወረወረው። «ይሄን ዝገት ተሸክመሽ አትዙሪ፣ እኔ እጥልልሻለሁ» አለኝ። ምን አልኩት መሰላችሁ? «እግዜር ይስጥልኝ!» ስልኬ እጄ ላይ ነው። አንዴ ፎቶ ባነሳው ምን ነበረበት? አመስግኜው ወጣሁ፣ ጅሊቷ።

ቤት ገብቼ ገጠምኩት። ርዝመቱ ልክ ነው፣ ብሎኑም ቀዳዳውም ልክ ነው። መስኮቱን ወደ ላይ ገፋሁ፣ ወጣ። እጄን ሳላነሳ ትንሽ ጠበቅሁ። ቀስ ብዬ ለቀቅኩት። ለአፍታ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ ዱብ! እንደ መጥረቢያ ነው የወረደው። አውራ ጣቴን ከነጥፍሩ ነው ያገኘው። መስታወቱ አለመሰበሩ ራሱ ተአምር ነው። ሌላ ሰው፣ ያውም ሕፃን ልጅ እጁን እዚያ ቢያደርግስ? ይሄንን ሳስብ ነው ደሜ የሚፈላው።

ጣቴን በረዶ ውስጥ ነክሬ ሒሳብ ጀመርኩ። የመስኮት መስታወት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። የኔው እያንዳንዳቸው 4 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት መስታወቶች ናቸው። ይሄ በካሬ 20 ኪሎ ነው። ተንሸራታቹ ክፍል 1.20 ሜትር በ75 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መስታወቱ ብቻ 18 ኪሎ ይመጣል። አውርጄ ከነፍሬሙ ሚዛን ላይ ሳቆመው 24 ኪሎ አለኝ። የአዲሱን ሞላ ማሸጊያ ከቆሻሻ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ። ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ጥንዱ የሚችለው እስከ 14 ኪሎ እንደሆነ ተጽፏል። ለቀረው 10 ኪሎ ኃላፊነቱን የወሰደችው አውራ ጣቴ ናት።

ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። ሞላውን፣ ማሸጊያውንና ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ደረደርኩ። ሰውዬው አንዱንም አላየውም።

«የድሮው የታለ?» አለኝ።

«አንተ ጋ ነው። እጥልልሻለሁ ብለህ ወሰድከው።»

ጎንበስ አለ። ባንኮኒው ስር አየ፣ ቀና አለ፣ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። «የለም። ናሙና ሳይኖር ምን እንደጠየቅሽኝ በምን አውቃለሁ?»

እኔ ግን ከቆምኩበት ካርቶኑ ይታየኛል። ቢጫ ፌስታሌ፣ እኔው ራሴ የቋጠርኩት ቋጠሮ ብቅ ብሎ ይታየኛል! «ያውልህ! ያ ቢጫው!» አልኩ። ሰውዬው ዓይኑን ከኔ ላይ ሳያነሳ ካርቶኑን በጫማው ጫፍ ገፋ፣ ገፋ አድርጎ ወደ ውስጥ ከተተው። «እሱ የሌላ ሰው ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ተሸውጃለሁ። እያየሁት፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ በእግሩ ሲሸውደኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ መሰላል ላይ ሆኖ ዕቃ ወደሚደረድረው ልጅ ዞረ። «ሴትዮዋ መግጠም አቅቷት እኛን ልታስከፍለን መጣች» አለው። ልጁ ሳቀ። «ቤት ውስጥ ወንድ የለም እንዴ?» ብሎ ጨመረበት። ሙድ ያዙብኝ፣ ሁለቱም። በአራት ቀን ውስጥ ከ«እህቴ» ወደ «ሴትዮዋ» ወረድኩ። መስኮቴ ራሱ እንዲህ ፈጥኖ አልወረደም።

ምን መለስሽላቸው ትሉኝ ይሆናል። ምንም። «ደረሰኝ አለኝ» አልኩ፣ እሱንም በቀጭን ድምፅ። ሰውዬው ደረሰኙን ገልብጦ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደና «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን እየጠቆመ አስነበበኝ። ማንበብ እንደማልችል፣ ቃል በቃል።

ልወጣ ስል ነው ዋናውን የተናገረው። «ላንቺ የሚሆነው የከባዱ ነው። እሱም አለ፣ ልስጥሽ?»

አለ! ከመጀመሪያውም ነበር! ከበስተጀርባው መደርደሪያ ላይ፣ ክንዱን ቢዘረጋ የሚደርስበት። ሞላ ሞላ ነው ያለኝ ሰው ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ልገዛው ነበር። ጣቴ ዚፑ ላይ ሲያመኝ ነው የነቃሁት።

ምክር ከፈለጋችሁ ባጭሩ፦ ሳትፈቱት በፊት መስኮቱን በጠንካራ እንጨት ደግፉ፤ የተወጠረ ሞላ ፊት ላይ ይፈናጠራል። ብረቱ ላይ የታተመውን አሃዝ በሙሉ ፎቶ አንሱ። መስኮቱን መዝኑ። የቱቦ ቅርጽ ያለው ዓይነት ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው ቀለም የጥንካሬ ምልክት ነው፤ ግን የአንዱ አምራች ቀለም ከሌላው ጋር ላይገጥም ስለሚችል በቀለም ብቻ አትግዙ። አንዱ ወገን ቢሞትም ሁለቱንም ቀይሩ። ይጠንክር ብላችሁም ከልክ በላይ አትግዙ፤ ዘግታችሁት ሄዳችሁ ራሱ ወደ ላይ ይወጣላችኋል።

የኔው መስኮት አሁን ተዘግቶ በገመድ ታስሯል። ሌላ ቦታ ሄጄ ልገዛ ነው፣ የመዘንኩትን በወረቀት ይዤ። አራቱ አሃዞች የታተሙበት ብረት ግን እዚያው ባንኮኒ ስር፣ በኔው ፌስታል፣ በኔው ቋጠሮ ተቀምጧል።