ንጉሠ ነገሥቱና ዳርዝ ቬደር በባለ ሁለት ዲስኩ እትም

እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበው የስታር ዋርስ «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» ባለ ሁለት ዲስክ እትም እጄ ገብቶ፣ እዚሁ ጎንደር ፊልም አብረን ከምናይ ጓደኞቼ ጋር ተመለከትነው። አንደኛው ዲስክ በ2004 የተሻሻለውን ቅጂ፣ ሁለተኛው ደግሞ በ1980 በሲኒማ ቤቶች የታየውን የመጀመሪያውን ቅጂ ይዟል። ከልዩነቶቹ ሁሉ ብዙ ያከራከረን የጠፈሩ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ጭምብል ከለበሰው ሎሌው ከዳርዝ ቬደር ጋር የሚያደርገው አጭር ንግግር ነው።

በቀድሞው ቅጂ ቬደር በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሳለ፣ በግዙፍ የብርሃን ምስል የተገለጠው ጌታው ሉክ ስካይዎከር የሚባል አዲስ ጠላት እንደተነሣባቸው ይነግረዋል፤ የስካይዎከር ልጅ ጄዳይ የሚባል ልዩ ኃይል ያለው ተዋጊ መሆን እንደሌለበትም ያስጠነቅቀዋል። ቬደር ልጁ ወደ እነርሱ ወገን ቢዞር ብርቱ አጋር እንደሚሆን ሐሳብ ያቀርባል። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶ ወደዚህ ትዕይንት የተመለሰ ሰው፣ የልጁ አባት ቬደር ራሱ እዚያው ተንበርክኮ እያለ ሁለቱም ይህን ሳይናገሩ ማለፋቸውን ሲያስተውል ይደነግጣል።

በ2004ቱ ቅጂ ተዋናዩ ኢያን ማክዲያርሚድ በንጉሠ ነገሥቱ ቦታ ተተክቷል፤ ንግግሩም ተለውጧል። ጌታው ልጁ የአናኪን ስካይዎከር (የቬደር የቀድሞ ስሙ ነው) ዘር መሆኑን ሲገልጽ ቬደር ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ይጠይቃል። ምክንያቱ በ2005 ከወጣው ፊልም ጋር ሲታይ ግልጽ ነው፤ በዚያ ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ለቬደር ሚስቱን በቁጣው የገደላት ቬደር ራሱ መሆኑን ስለነገረው፣ ልጁም አብሯት እንደሞተ ቢያምን አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የ«ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» የመክፈቻ ጽሑፍ ቬደር ወጣቱን ስካይዎከርን ለማግኘት እንቅልፍ አጥቶ እንደሚፈልገው አስቀድሞ ይነግረናል። እንግዲያው መገረሙ ከየት መጣ?

አንዳንዶቻችን የአሠራር ስሕተት ነው አልን። እኔ ግን ቬደር ጌታውን እየዋሸው ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በዚያው ፊልም መጨረሻ ላይ ልጁን ንጉሠ ነገሥቱን አብረን ጥለን እንግዛ ብሎ ይጋብዘዋል። አፄ ኢዮአስ ለድጋፍ የጠሯቸው ራስ ሚካኤል ስሁል በ1761 ዓ.ም. ንጉሡን ማስገደላቸውን እያወቀ ያደገ የጎንደር ሰው፣ እጅ እየነሳ ዙፋኑን የሚያይ ሹም ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ንጉሠ ነገሥቱም አናኪንን በራሱ በአናኪን ፊት እንደ ሦስተኛ ሰው መጥራቱ አገልጋዩን መፈተኑ ይመስለኛል፤ ይህ የአዲሱ ቅጂ እውነተኛ ብልጫ ነው።

ሆኖም ፊልሙ ይህን ንባብ የሚደግፍ አንዳች ምልክት አይሰጥም። ፊቱ በጭምብል ለተሸፈነ ሰው ያለው ድምፁ ብቻ ስለሆነ፣ ከጥያቄው በፊት ለአፍታ ዝም ቢል እንኳ ተመልካቹ ይጠረጥር ነበር። አሁን ግን ጌታው ነገር አስረጂ፣ ቬደር ደግሞ ወሬ ያልደረሰው ሎሌ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ለሁለቱ ግንኙነት ስል የ1980ውን ቅጂ እመርጣለሁ።

የሁለተኛው ዲስክ ምስል ጥራት ግን ቅር ያሰኛል፤ በ1993 ለሌዘር ዲስክ (ከዲቪዲ በፊት ለነበረው ትልቅ የፊልም ዲስክ) ከተዘጋጀው ቅጂ የተወሰደ በመሆኑ ደብዘዝ ያለ ነው፤ በሰፊ ቴሌቪዥን ላይም ዙሪያውን በጥቁር ተከቦ አንሶ ይታያል። የቴሌቪዥኑን ማጉያ መጠቀም መጠኑን ያስተካክለዋል፤ ብዥታውን ግን ይብሱን ያጎላዋል።