የኤላት ኮራል ዳርቻ፦ ግዙፍ ዛጎሎችን በዓይነት ለይቶ ለማየት ምን ያህል ይመቻል?

ቀይ ባሕር ላይ ግዙፍ ዛጎሎችን (ሁለት ቅርፊት ያላቸውን ትልልቅ የባሕር እንስሳት) በዓይነታቸው መለየት ለሚፈልግ ጀማሪ፣ በእስራኤሏ ኤላት ከተማ ያለው የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ሥፍራ የመግቢያው ዋጋ አያስቆጭም። 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ኮራል ከዳርቻው ሥር ስለሚጀምር ጀልባም የአየር ሲሊንደርም አያስፈልግም። ከዳርቻው ወደ ባሕሩ ከሚዘልቀው ድልድይ ጫፍ ወርዶ የኮራሉን ግድግዳ እየተከተሉ መዋኘት ነው። ማስክ (የዋና መነጽር) እና ስኖርክል (መተንፈሻ ቱቦ) እዚያው ይከራያል።

ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድገውን ትሪዳክና ጊጋስ የተባለ ዓይነት ፈልጎ የሚሄድ ግን አያገኘውም። የእሱ አገር ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ምዕራብ ፓስፊክና ሰሜን አውስትራሊያ ነው። ቀይ ባሕር ያሉት ሦስት ናቸው፦ ማክሲማ፣ ስኳሞሳ እና ስኳሞሲና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀለም ሲለይ ነው። አንዱ ማክሲማ ሰማያዊ፣ ጎረቤቱ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ቅርፊቱና የውኃ ማስገቢያ ቀዳዳው ነው። ማክሲማ ረዘም ብሎ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ፣ አብዛኛው አካሉ ድንጋዩ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ በቅርፊቱ ጀርባ ላይ ብቅ ያሉት ስስ ክፈፎችም ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። ስኳሞሳ ሁለቱም ጎኖቹ የተመጣጠኑ ናቸው፤ ክፈፎቹ ሰፋፊ፣ እንደ ቅጠል የቆሙና የተራራቁ ናቸው። ትንሽ ስኳሞሳ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ክፈፎቹን አልጌ ሲሸፍናቸው፣ ማክሲማ ይመስላል። ያን ጊዜ የውኃ ማስገቢያውን ዙሪያ ማየት ነው፤ ቅርንጫፍ ያወጡ ጭራሮ መሳይ ጫፎች ከከበቡት ስኳሞሳ ነው።

መጠንም ያታልላል። በማስክ ሲታይ ሁሉ ነገር በሲሶ ያህል ስለሚገዝፍ፣ 30 ሴንቲ ሜትሩ 40 ይመስላል።

ሰዓት መምረጥ ከሁሉም ይበልጣል። ዛጎሉ በሥጋው ጠርዝ ላይ በተደረደሩ ጥቃቅን ዓይኖች ጥላን ያያል፤ ጥላ ሲያርፍበት ወዲያው ይሸበሸብና ይዘጋል፣ ቀዳዳውም አይታይም። ኤላት ላይ ዋናተኛው ከኮራሉ በስተ ምሥራቅ ስለሚሆን፣ ጠዋት ጥላው ቀጥታ ዛጎሉ ላይ ይወድቃል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ጥላው ወደ ባሕሩ ይዞራል። የደቡብ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ግን ውኃው ስለሚናወጥና ስለሚደፈርስ ጉዞውን ማስተላለፍ ይሻላል። ክረምት ላይ ውኃው ወደ 21 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ ተረጋግቶ ለማየት ሙቀት የሚይዝ የዋና ልብስ ያስፈልጋል።

የቦታው ድክመት ስኳሞሲናን ይመለከታል። ይህ ብርቅዬ ዓይነት የሚኖረው በጣም ጥልቀት በሌለው የኮራል አናት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ መርገጥ ደግሞ ክልክል ነው፣ መከልከሉም ተገቢ ነው። ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደ አዲስ ግኝት ሲገለጽ፣ ከቀይ ባሕር ሕያው ግዙፍ ዛጎሎች ከ1 በመቶ በታች እንደሆነ ተዘግቦ ነበር። ከግድግዳው ጠርዝ አሻግሮ ለሚያይ፣ ምልክቱ የቅርፊቱ አፍ ነው፦ እጥፋቶቹ ጥልቅና ሹል ስለሆኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ይመላለሳል።