የዛፍ መውጫ ገመድና ቀበቶዬ ከወራት በኋላ፦ ሰርተፍኬቱ የሚሸፍነው ምኑን ነው?

ይህን የዛፍ መውጫ ዕቃ መጠቀም ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ገመድ፣ ወገብና ጭን የሚይዝ ቀበቶ፣ ገመዱን ቆንጥጦ የሚይዝና ሲጫኑት የሚለቅ ሜካኒካል መያዣ፣ ግንድ ዙሪያ የሚጠመጠም አጭር ገመድ፣ ከዚያ ካራቢነሮች፣ ማለትም ዕቃዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙ የብረት መቆለፊያ ቀለበቶች። ሥራዬ ቅርንጫፍ መከርከም ስለሆነ ዕቃው ብዙም አያርፍም። ስለ ምቾቱና ስለ ክብደቱ የጻፉ ሞልተዋል፣ እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ሰርተፍኬቱ ነው። ሻጮች «ሰርተፍኬት አለው» ይሉና ያልፋሉ። የምን ሰርተፍኬት? ለየትኛው አጠቃቀም? ከምን ጋር ሲገጣጠም?

ገመዱን በጣም ወድጄዋለሁ። ጫፉ ላይ በተጠቀለለው ፕላስቲክ «ኤ» የሚል ፊደል፣ ውፍረቱና ኢኤን 1891 የሚል ታትሟል። ይህ ብዙ ለማይለጠጡ ገመዶች የወጣ የአውሮፓ ስታንዳርድ ነው። ኤ የተባለው ዓይነት ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን መቻል አለበት፣ ከ2,200 ኪሎ በላይ ጭነት ማለት ነው። ቢ ለተባለው 18 ይበቃዋል። ለሥራ የሚገዛ ሰው ኤ የተባለውን ይያዝ። ኤ ገመድ 100 ኪሎ ክብደት አምስት ጊዜ ሲወድቅበትም ሳይበጠስ መያዝ አለበት። ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ገመዱ ሆድ ውስጥ ጽሑፍ ያለበት ቀጭን ሪባን ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። የአምራቹ ስም፣ ስታንዳርዱ፣ የተሠራበት ዓመትና ጥሬ ዕቃው እዚያ ላይ ተጽፏል። ገመዱ ተቆርጦ የጫፉ ምልክት ቢጠፋ እንኳ ማንነቱ ከውስጡ ይነበባል።

22 የሚለው ቁጥር ግን የባዶው ገመድ ነው። ጫፉ ሲቋጠር ወይም ሲሰፋ አቅሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ስታንዳርዱ ጫፉ ተሠርቶ ያለቀለትን ኤ ገመድ የሚጠይቀው 15 ኪሎ ኒውተንን ለ3 ደቂቃ እንዲችል ነው። የእኔ ገመድ ዓይኑ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት፣ የተሰፋው ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ በሰርተፍኬቱ ውስጥ ነው። ገመድ በሜትር ገዝቶ ዓይኑን ራሱ የሚሸርብ ሰው ግን፣ እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ ያ ዓይን የፋብሪካው ወረቀት ላይ የለም።

ከወራት በኋላ ሽፋኑ ትንሽ ጠጉር አውጥቷል፣ ሙጫ የነካው ቦታም ጠቁሯል። በጣቶቼ እየዳበስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሄድ ግን የሳሳ፣ ያበጠ ወይም እንደ ብርጭቆ የደረቀ ቦታ አላገኘሁም።

ዕቃው የአውሮፓን ደንብ ማሟላቱን ስለሚያሳየው ሲኢ የተባለ ምልክት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ከከፍታ መውደቅን የሚከላከል ዕቃ በአውሮፓ ደንብ 2016/425 መሠረት ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ይገባል፣ ማለትም ሞት ወይም የማይድን ጉዳት ሊያመጣ ከሚችል አደጋ የሚጠብቅ ዕቃ። ስለዚህ አምራቹ ራሱ «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ አይችልም። ገለልተኛ ድርጅት ናሙናውን ይፈትናል፣ ከዚያም በኋላ ምርቱ ቁጥጥር ይደረግበታል። ከሲኢ ጎን ያሉት አራት አሃዞች ያንን የሚቆጣጠረው ድርጅት መለያ ናቸው። ሰው የሚሸከም ዕቃ ላይ ሲኢ ብቻውን ቆሞ አራቱ አሃዞች ከሌሉ እኔ አልገዛም፣ ማንም እንዲገዛም አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መያዣው። በግሌ ከሁሉም በላይ መነበብ ያለበት የእሱ መመሪያ ነው እላለሁ። እንዲህ ያሉ መያዣዎች የሚፈተኑበት ኢኤን 12841 የተጻፈው በዋናነት በገመድ ተንጠልጥለው ሕንፃና ፋብሪካ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። እነሱ ገመዱን ላይ አስረው በቆመ ነጠላ ገመድ ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ። እኛ ዛፍ ላይ ብዙ ጊዜ ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ አዙረን ሁለት አድርገን ነው የምንሠራው፣ ገመዱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ። ለአንዱ አሠራር የተፈተነ መያዣ ለሌላው ተፈትኗል ማለት አይደለም። በዚያ ላይ መያዣው የሚቀበለው የገመድ ውፍረት ተወስኗል። ሁለቱም ሰርተፍኬት ያላቸው መያዣና ገመድ አብረው ላይሠሩ ይችላሉ፤ ገመዱ ከቀጠነ ይንሸራተታል፣ ከወፈረ ይነክሳል። የእኔው መያዣ ገመዱ አዲስ ሳለ ፈጠን ብሎ ይወርድ ነበር። ገመድ ሲሠራበትና ውሃ ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ይወፍራልም፣ እና ከጥቂት ወራት በኋላ ቆንጠጥ ብሎ መያዝ ጀመረ። አሁን በጣም ተስማምተዋል።

የማልደሰትበት አጭሩን ገመድ ነው። ራሱ ገመዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ላብሉ ነው። የተሰፋበት ቦታ ቅርፊት ላይ የሚታሽ ስለሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ መለያ ቁጥሩና ዓመቱ ጠፋ። ሻጩን ስጠይቅ ምትክ ላብል አይሰጥም አለኝ። ይህ ተራ ቅሬታ እንዳይመስላችሁ። መርማሪ መጥቶ ዕቃው መቼ እንደተሠራ፣ የትኛው ወረቀት የእሱ እንደሆነ መለየት ካልቻለ ከሥራ ያወጣዋል፣ ትክክልም ነው። ብዙ አምራቾች ለጨርቃ ጨርቅ ዕቃ የሚሰጡት ጣሪያ ከተሠራበት ቀን 10 ዓመት ነው፣ ዓመቱ ካልተነበበ ከየት ተነስታችሁ ትቆጥራላችሁ? የቀበቶው ላብል ግን ኪስ ውስጥ ስለተሰፋ ዛሬም እንደ አዲስ ይነበባል። ማን እንደሠራው ባላውቅም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

አጭሩ ገመድ ላይ ያለው ማስተካከያ፣ ማለትም ዙሪያውን ተጠምጥሞ በፍትጊያ የሚይዘውና ርዝመቱን የሚያስተካክለው የፕሩሲክ ገመድ፣ ከሁሉም ቀድሞ ነው ያለቀው፣ ይህም የሚጠበቅ ነው። በፍትጊያ የሚይዝ ነገር ይሞቃል፣ ፖሊስተር ደግሞ 260 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ተራው ናይለን ከዚያም በታች። አራሚድ በሚባል ሙቀት የሚችል ክር የተሠራ ቀይሬበታለሁ፣ እሱ አይቀልጥም።

ካራቢነሮቹ ለመክፈት ሦስት እንቅስቃሴ ይጠይቃሉ። አቧራና ሙጫ ሲገባባቸው በራሳቸው መዘጋት ያቆማሉ፣ ስለዚህ በየጊዜው እጥባቸዋለሁ።

ብሪታንያ ውስጥ ከ1998 ጀምሮ ያለው ሎለር የተባለው ደንብ ሰው የሚነሳበትን ዕቃ በየ6 ወሩ ብቁ ሰው እንዲመረምረው ያስገድዳል። የትም ብንሠራ ይህን ልማድ ብንይዝ ደስ ይለኛል። እኔ የእያንዳንዱን ዕቃ መለያ ቁጥር ገና አዲስ ሳለ ፎቶ አንስቼ ከተገዛበት ቀን ጋር መዝግቤ ይዣለሁ። የአጭሩ ገመድ ቁጥርም እዚያ አለ፣ ሆኖም ዕቃው ላይ ምንም ስለማይነበብ ፎቶው የእሱ መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም።

ገመዱንና መያዣውን ደግሜ እገዛለሁ፣ ሁለቱን አብሬ። አጭሩን ገመድ ከሥራ አውጥቻለሁ። ምትኩን ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ላብሉ የት እንደተሰፋ፣ ቀጥሎ ደግሞ የውፍረቱ ልክ ከማስተካከያው ጋር በመመሪያው ላይ መጠቀሱን ነው።