«የጎልፍ ሳር ዘር» ብለው ለሚመጡባችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ከከተማ ወጣ ብላችሁ ቤት የሠራችሁ፣ ግቢያችሁን ሳር ለማልበስ የምታስቡ ሁሉ ይህቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። በተለይ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላንና በለገጣፎ በኩል ያላችሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ በቴሌግራምም የሚያስተዋውቁ ሰዎች አሉ። ሁሉንም አንድ ላይ አድርገው ነው የሚሸጡት፤ ዘሩን፣ መሬት ማስተካከሉን፣ ዓመቱን ሙሉ እየመጡ ማጨዱን፣ «ቫይታሚን» የሚሉትንም ጨምረው። ፎቶው ላይ የምታዩት ሳር ከመሬት አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አፈር የማያሳይ ነው። ያምራል። ግማሹን ብር ቀብድ ይቀበላሉ፣ ዘር በትነው ይሄዳሉ፣ ከዚያ አብዛኞቹ ስልክ አያነሱም። እኛ ሰፈር ብቻ ከአንድ በላይ ቤት እንዲህ ተበልቷል።

እኔ አጭር ሳር እወዳለሁ፣ ግቢዬ ውስጥም ሰርዶ እንደዚያ አድርጌ ይዣለሁ። ስለዚህ «ሳር ምን ያደርጋል፣ ጎመን ትከሉበት» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የሚያናድደኝ ሰው ሊያገኘው የሚችለውን ነገር በውሸት መሸጣቸው ነው።

መጀመሪያ ዘሩ። ፓኬቱ ላይ «ቲፍዌይ 419» ወይም «ዲቃላ ቤርሙዳ» (ቤርሙዳ የሰርዶ የውጭ ስሙ ነው) የሚል ካያችሁ እዚያው በሩ ላይ ሸኟቸው። ቲፍዌይ እውነተኛ ሳር ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የወጣ፣ በስታዲየምና በጎልፍ ሜዳ ዛሬም ድረስ የሚተከል ምርጥ ዝርያ ነው። ግን ከሁለት የተለያዩ የሰርዶ ዓይነቶች ተዳቅሎ የተገኘ ስለሆነ እንደ በቅሎ መካን ነው፤ የሚበቅል ዘር አይሰጥም። በዓለም ላይ የትም ብትሄዱ የሚባዛው ሐረጉ እየተቆረጠ ተተክሎ፣ ወይም ከነአፈሩ ተቆርጦ ተነጥፎ ነው። ስለዚህ «የቲፍዌይ ዘር» የሚባል ዕቃ የለም። ሻጩ ይህን ካላወቀ ሥራውን አያውቅም፣ ካወቀ ደግሞ ሌባ ነው።

ታዲያ ፓኬቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የተረፋቸውን ፓኬት አምጥተው አሳዩኝ። መዳፌ ላይ ዘረገፍኩት። ፍሬው ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ገለባ ቀለም፣ ርዝመቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። የሰርዶ ዘር ግን ደቃቅ ነው፣ ከጤፍ ብዙም አይበልጥም። መዳፌ ላይ የነበረው በእኔ እምነት ራይግራስ ነው፣ የእንክርዳድ የቅርብ ዘመድ። ራይግራስ መጥፎ ሳር አይደለም፣ ለከብት መኖም ይዘራል። ቶሎም ይበቅላል፣ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ለዚህም ነው ቪዲዮአቸው ላይ «በሳምንት ውስጥ ውጤቱን እዩ» የሚሉት። የሰርዶ ዘር ግን መሬቱ ሞቅ ብሎለት እንኳ ከ10 እስከ 30 ቀን ይፈልጋል። ራይግራስ ሐረግ አይዘረጋም፤ አንዱ ጋ ከሳሳ ከጎኑ ያለው መጥቶ አይሸፍንለትም። ዓመታዊው ዓይነት ከሆነማ ፍሬ ሰጥቶ ይሞታል፣ የሚቀራችሁ አፈርና አረም ነው። እኚህ እናት ግቢ ውስጥ አሁን የሚታየው ሙጃ ነው።

ሻጩ ምን ብሎ እንዳሳመናቸው ሲነግሩኝ ነው ልቤ ያዘነው። «እማማ፣ ይሄ ሳር ተፈጥሮው አጭር ነው፤ በወር አንዴ ከታጨደ ይበቃዋል» አላቸው። «ልጄ፣ ጨዋ ልጅ ይመስላል፤ ቡና አፍልቼ አጠጥቼዋለሁ» አሉኝ። ብሩ ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው ነው።

«በወር አንዴ» የምትለዋ ቃል ሁለተኛዋ ወጥመድ ናት። ሳሩ አጭር የሚሆነው ስለሚታጨድ ነው። በጎልፍ ሜዳ ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ላይ የሚተከሉት፣ እውነትም በተፈጥሯቸው ድንክ የሆኑት ዝርያዎች እንኳ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ እየተደረጉ በየቀኑ ይታጨዳሉ። ሳር ጠባቂዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሕግ አለ፣ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶውን እንጂ ከዚያ በላይ አትቁረጥ። ሳሩን 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ልታቆዩት ከፈለጋችሁ 3 ሲደርስ መታጨድ አለበት ማለት ነው። ዝናብና ፀሐይ በተገናኙበት ወቅት፣ መስከረም ላይ በሉት፣ ሰርዶ ይህን ለማደግ ጥቂት ቀን ነው የሚፈጅበት። በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ ማጨድ ነው። በወር አንዴ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ቁርጭምጭሚት ያለፈ ሳር ነው፣ እሱን እስከ ታች ሲልጠው ቅጠሉ በሙሉ ሄዶ ቡናማው ግንድ ይቀራል። ፀሐዩ ግንዱን ያደርቀዋል፣ ክፍት ቦታው ላይ አረም ይገባል። ከዚያ «ውሃ አላጠጣችሁትም» ተብላችሁ እናንተው ትወቀሳላችሁ።

ማሽኑንም እዩት። ብዙዎቹ ይዘው የሚመጡት ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውን፣ በገመድ የሚቆርጠውን ነው። እሱ ለአጥር ሥርና ለመንገድ ዳር ነው። ከሥሩ አንድ ምላጭ በአግድም የሚሽከረከርበት የተለመደው የሳር ማጨጃም ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲወርድ እብጠት ባገኘ ቁጥር መሬቱን ይግጠዋል። በእውነት ዝቅ አድርጎ የሚያጭደው ጠመዝማዛ ምላጮቹ ከሥር ካለ ቋሚ ምላጭ ጋር እየተገናኙ የሚቆርጡት፣ የሲሊንደር ማሽን የሚባለው ነው። ያ ማሽን የሌለው ሰው 1 ሴንቲ ሜትር ብሎ ቃል ሲገባላችሁ በምን እንደሚያጭደው ጠይቁት።

መሬቱም ጉዳይ አለው። አጭር ሳር የመሬቱን ጎድጎድና እብጠት በሙሉ ያወጣዋል፣ ስለዚህ መሬቱ መደልደል አለበት፣ ሳሩ ከያዘ በኋላም ቀጭን አሸዋ እየተነሰነሰ መስተካከል አለበት። ወደ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ በኩል ብዙው ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ አንድ ጊዜ ደልድሎ መሄድ ብሎ ነገር የለም። እነዚህ ሰዎች ግን የግንባታ ፍርስራሹን ሳያነሱ ላዩ ላይ ስስ አፈር አልብሰው ነው የሚዘሩት። አንድ ግቢ ውስጥ በዶማ አንድ ጊዜ ብቻ ብንቆፍር የብሎኬት ስብርባሪና የሲሚንቶ ከረጢት ወጣ። ክፍያ ከመጨረሳችሁ በፊት እናንተም ሦስት አራት ቦታ አስቆፍሩ። ይቀየሙናል ብላችሁ አትተዉት።

የሚዘሩበት ጊዜም ለእነሱ እንጂ ለሳሩ የሚመች አይደለም። ሐምሌ ላይ መሬቱ ውሃ ጠግቦ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነው። ሰርዶ በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ ይወዳል። ደቃቁን ዘር ጎርፉ ይጠርገዋል። «ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ» የሚሉትም ውሸት ነው። ሰርዶ የሙቀት ሳር ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ እድገቱ ይቀንሳል፣ ይገረጣል። ሱሉልታ በኩል ውርጩ ሲመታው ጭራሽ ይነጣል። ይህ በሽታ አይደለም፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ግን በዚያን ሰዓት ነው ተመልሰው መጥተው «ቫይታሚን ያስፈልገዋል» የሚሏችሁ።

ስለ «ቫይታሚኑ» አንድ ነገር ልበል። ጽሑፍ በሌለው ፌስታል የመጣ ነጭ ድብልብል ፍሬ ነበር። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርነው፣ ሟሟ፣ ብርጭቆው ሲነካ ቀዘቀዘ። ዩሪያ እንዲህ ያደርጋል። ይህ ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያ መሆኑን አልጠራጠርም። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ለሳርም ይሆናል፣ ግን ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም አካባቢ በቂ ነው፣ እሱም ወዲያው ውሃ መጠጣት አለበት። እነሱ በእፍኝ በትነው ሄዱ። ያረፈበት ቦታ ሁሉ ክብ ክብ እየሆነ ተቃጠለ።

ስለ ውሃ ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። በበጋ አጭር ሳር በሳምንት 25 ሊትር ለካሬ ሜትር ያህል ይፈልጋል። 60 ካሬ ሳር ከሆነ 1,500 ሊትር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ማለት ከታንከራችሁ አብዛኛውን ለሳር መስጠት ወይም በቦቴ ማስመጣት ነው። ይህን አስባችሁ ስፋቱን ወስኑ። 15 ካሬ በደንብ የተያዘ ሳር ይሻላል።

ለሚፈልገው ሰው መንገዱ ቀላል ነው፣ ርካሽም ነው። ሰርዶ የአገራችን ሳር ነው፣ መንገድ ዳር ሞልቷል። አረም ያልገባበት ቦታ ፈልጋችሁ ሐረጉን ከነሥሩ ነቅላችሁ፣ በስንዝር ርቀት ፀሐይ ያለበት ቦታ ላይ ትከሉት፣ እስኪይዝ ውሃ አታሳጡት። በመጀመሪያው ክረምት ይዘረጋል። ከያዘ በኋላ ከ3 ሴንቲ ሜትር ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጉት። ከብርድና ከዳገት ወገን ያላችሁ ኪኩዩ ይስማማችኋል፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነውና ብርዱን ከሰርዶ በተሻለ ይችላል። ግን እሱን ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ለማውረድ አትታገሉ፣ ወፍራም ግንዱ ይጋለጣል። ተቆርጦ የሚነጠፍ ሳር በካሬ የምትገዙ ከሆነም አገላብጣችሁ ሥሩን እዩ። ከጨፌ የተቆረጠ ከሆነ እንግጫ ይዞ ይመጣል፣ እንግጫ ደግሞ ላዩን ብትነቅሉት ከመሬት ሥር ካለው ፍሬ እንደገና ይወጣል።

አሁንም በባለሙያ ላሠራ ካላችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የሳሩ ስም፣ በዘር ነው ወይስ በሐረግ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ይታጨዳል፣ በምን ማሽን፣ ሁሉም ይጻፍ። ደረሰኝ ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፣ ግን ወረቀት ከሌላችሁ በምን ትከራከራላችሁ? ለቀጣዩ ዓመት ማጨጃ ብላችሁ አስቀድማችሁ ምንም አትክፈሉ፤ በመጡ ቁጥር ክፈሉ።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ፓኬቱን አትጣሉ። ከነዘሩ አስቀምጡ፣ የተዘራበትን ቀንና ግቢውን ፎቶ አንሱ፣ የቴሌግራም ንግግራችሁን አታጥፉ፣ ብሩን የላካችሁበትን የባንክ መልእክትም ያዙ። እኚያ እናትና ሌሎቹ ጎረቤቶች አንድ ላይ ሊያመለክቱ ነው፤ ተመሳሳይ ፓኬት የተሸጠላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።