በ46 ዓመቴ ወደ ኋላ መንሸራተት ላስተማረኝ አሰልጣኝ

በረዶ ሲባል እኔ የማውቀው በነሐሴ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ ነው። ሜሪላንድ ከመጣን በኋላ ግን ልጄ ዊተን በሚገኘው የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ትምህርት ጀመረች፤ እኔም ዳር ቆሜ ብርድ ሲመታኝ መዋል ሰለቸኝና ጫማ ተከራየሁ።

ወደ ፊት መሄዱን እንደምንም ለመድኩት። ወደ ኋላው ግን እምቢ አለኝ። ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ከፍዬ ስማር መምህርቷ «አትፍሪ» ከማለት በቀር የነገረችኝ ነገር አልነበረም፤ እኔም ሳልፈራ ወደቅሁ።

ይህኛው ወጣት ያደገው እዚሁ ነው፤ አማርኛው ግን አንቱታውን አልረሳም። በመጀመሪያው ቀን በርከክ ብሎ ከጫማዬ ስለት ፊት ለፊት ያሉትን ጥርሶች አሳየኝ። «እትዬ፣ እግርዎን ለማየት ሲያጎነብሱ ክብደትዎ እነዚህ ላይ ያርፋል፤ በረዶውን ነክሰው ይይዙዎታል። ቀና ይበሉ፣ ጉልበትዎን ያጥፉ፣ በትከሻዎ በኩል ወደ ኋላ ይመልከቱ» አለኝ። ለካ የቸገረኝ ፍርሃት አልነበረም!

ከዚያ ከኪሱ ማርከር አውጥቶ በረዶው ላይ ትልቅ ሎሚ ሳለ። የእግር ጣቶቼን አገጣጥሜ፣ ተረከዞቼን ከፍቼ አንደኛው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ጉልበት አጥፎ በስለቱ የውስጥ ጠርዝ ሲገፉ እግሮች በሎሚው ሆድ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፤ ከትከሻ ትንሽ ሲሰፉ ደግሞ ጉልበትን እያቃኑ ተረከዞቹን መሰብሰብ ነው። አንድ ሎሚ አለቀ ማለት ነው። በጥምቀት እንኳ እንዲህ ልቤን ያስደነገጠ ሎሚ አልተወረወረልኝም።

እኔን ያስቸገረኝ መሰብሰቡ ነበር፤ እግሮቼ እንደተከፈቱ ይቀራሉ። እሱ ሁለት እጆቼን ይዞ «ተረከዞቹን ያስታርቋቸው፣ እትዬ» ይለኛል፣ ደጋግሞ፣ አንድም ቀን ፊቱን ሳያጠቁር። በአራተኛው ቀን የጥርሶቹ ቧጨራ ጠፍቶ ሐር ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ከእግሬ ሥር ሰማሁ። ቀና ስል እጆቼን ለቋቸዋል።

ሁለት ተጨማሪ ትምህርት አስቀድሜ ከፍዬለት ነበር። «አሁን የሚያስፈልግዎ ልምምድ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ብሎ የአንዱን ገንዘብ መለሰልኝ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ስንት አለ?

ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ፣ ለራሳችሁም ሆነ ለልጆቻችሁ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ቀጭን ካልሲ አድርጉ፣ በወፍራም ካልሲ እግር ጫማው ውስጥ ይዋልላል። ጓንትና የራስ መከላከያም ያዙ፤ ያለ እነሱ አያስጀምርም።

ቅዳሜ ጠዋት ዊተን ብቅ ካላችሁ ደግሞ ቀይ ሻርፕ አድርጋ በጀርባዋ የምትመጣ ሴት ስታዩ እባካችሁ መንገድ ልቀቁላት። መቆሙን የምንማረው በቀረችው አንድ ትምህርት ነው።