ፓምፖሮቮ፣ ያሆሪና ወይስ ክራንስካ ጎራ? ኪስ ሳይጎዳ ስኪ ለመልመድ ሦስት ትንንሽ ቦታዎች ሲነጻጸሩ

አውሮፓ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ነገሩን ያውቀዋል። ፌብሩዋሪ ላይ ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ይዘጋል፣ የክፍሉ ልጅ ግማሹ ወደ ተራራ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ “እኛስ መቼ ነው?” ይጀመራል። ዋጋ ሲጠየቅ ወሬው ይቆማል። እንደ ሳንክት አንቶን ወይም ቬርቢየር ባሉ ስመ ጥር የአልፕስ መንደሮች የአንድ አዋቂ የአንድ ቀን የሊፍት (ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣው ማሽን) ትኬት ብቻ ከ70 ዩሮ በላይ ነው። ሆቴሉ፣ ኪራዩና ትምህርቱ ገና አልተቆጠሩም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስኪ የሚያደርግ ሰው ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚመላለሰው ሁለት ሦስት ቀላል የመንሸራተቻ መስመር ላይ ነው። 300 ኪሎ ሜትር መስመር ላለው ተራራ ከፍሎ ሁለቱን መጠቀም ብር መጣል ነው። ስለዚህ እነዚህን ሦስት ቦታዎች ሳወዳድር የመስመሩን ርዝመት ትቼ ገንዘቡ በእርግጥ የሚወጣበትን አያለሁ፤ መንገድ፣ ትምህርት፣ ኪራይ፣ ምግብና የጉዞ ወረቀት። በሦስቱም የሊፍት ትኬት ከላይ ካልኩት ዋጋ በጥሩ ልዩነት ዝቅ ይላል።

ታዋቂው የቡልጋሪያ የስኪ ከተማ ባንስኮ ለምን ቀረ የሚለኝ አይጠፋም። ርካሽ ነው፣ ግን እሱንም ዓለም አውቆታል። ከመንደሩ ወደ ተራራው የሚያወጣው ጎንዶላ ጋ በደራ ወቅት ጠዋት የሚሰለፈው ሕዝብ የቀበሌ ስኳር የመጣ ዕለት የነበረውን ሰልፍ ያስታውሳል።

ፓምፖሮቮ፣ ቡልጋሪያ

ደቡብ ቡልጋሪያ፣ ሮዶፒ ተራሮች ውስጥ፣ ለግሪክ ድንበር ቀረብ ብሎ ይገኛል። ጫፉ ስኔዣንካ 1,926 ሜትር ሲሆን የቴሌቪዥን ማማ ቆሞበታል። (አዲስ አበባ ከዚህ በረዶ ተራራ አናት ከፍ ብላ እንደተቀመጠች ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ አያምኑም።) መስመሮቹ በጥድ ጫካ መሐል የሚወርዱ ስለሆኑ ነፋስ አያስቸግራቸውም፣ አብዛኞቹም ሰፋፊና ቀስ ብለው የሚያዘቀዝቁ ናቸው። ስቴናታ የሚባለውን ቀጥ ያለ መስመር ለለመዱት ከተዋችሁ፣ ጀማሪን የሚያስደነግጥ ነገር ጥቂት ነው።

ቡልጋሪያ የምትበልጠው በጥቅል ዋጋ ነው። የሊፍት ትኬት፣ የዕቃ ኪራይና የቡድን ትምህርት አንድ ላይ ታስሮ ይሸጣል፣ አስተማሪዎቹም እንግሊዝኛ ይናገራሉ። አራት ሰው ላለው ቤተሰብ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ሌላ ቦታ ሊፍቱን ለብቻ፣ ጫማውን ለብቻ፣ አስተማሪውን ለብቻ ስትከፍሉ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የያዛችሁት ሒሳብ ይዛነፋል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ አገሪቱ ዩሮ ስለምትጠቀም የምንዛሪ ጣጣ የለም።

ጉድለቱ መንገዱ ነው። ከሶፊያ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መጨረሻው ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ካላችሁ አስቡበት። ፕሎቭዲቭ ቅርብ ናት፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነገር ግን ወደ እሷ የሚበርረው አውሮፕላን ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ሆቴሎቹ በጫካው ውስጥ ተበታትነዋል። “ፓምፖሮቮ” ብላችሁ ርካሹን ስትይዙ ሊፍት ጋ ለመድረስ በየጠዋቱ አውቶቡስ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ ከልጆችና ከከባድ ጫማ ጋር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመያዛችሁ በፊት ሆቴሉ ከስቱደኔትስ ወይም ከማሊና ሊፍቶች ምን ያህል እንደሚርቅ ካርታ ላይ እዩ። ከዚህም የረከሰ የሚፈልግ ዝቅ ብላ ያለችውን ቼፔላሬ ከተማ ይሞክር። በ1998 ናጋኖ ላይ በባያትሎን (ስኪና ተኩስ የሚጣመሩበት ውድድር) ለቡልጋሪያ የመጀመሪያውን የዊንተር ኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ኤካተሪና ዳፎቭስካ የዚህች ከተማ ልጅ ናት።

ስለ ምግቡም ልጨምር፣ የስኪ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይጋጫልና። ቡልጋሪያውያን ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በዚያ ላይ ከፓምፖሮቮ ብዙ የማትርቀው ስሚልያን መንደር በባቄላ መጠን በሚያድግ ቦሎቄዋ የታወቀች ናት። ቦብ ቾርባ የሚሉት የቦሎቄ ሾርባ ከዳቦ ጋር ለጿሚ ሙሉ ምሳ ነው፤ ስጋ እንዳልገባበት ብቻ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓታትኒክ የተባለው የአካባቢው የድንች ምግብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይብ አለበት፤ ድንች ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ።

ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚሄድ፣ ሁሉም ጀማሪ ለሆነበት ቤተሰብ፣ እኔ ፓምፖሮቮን አስቀድማለሁ። ማርች አጋማሽ ካለፈ ግን ፀሐዩ በረዶውን ከሰዓት በኋላ ያቀልጠዋል።

ያሆሪና፣ ቦስኒያ

በ1984ቱ የሳራዬቮ ኦሊምፒክ የሴቶቹ የአልፓይን ውድድር የተደረገው እዚህ ነው፤ የ17 ዓመቷ ስዊዘርላንዳዊት ሚኬላ ፊጂኒ ዳውንሂሉን (የፈጣን ቁልቁለት ውድድሩን) ያሸነፈችበት ተራራ። ከፍታው 1,916 ሜትር ነው፣ ከስኔዣንካ በ10 ሜትር ቢያንስ ነው። ለኦሊምፒክ የተመረጠ ተራራ ስለሆነ ቁልቁለቱ የምር ነው። ሊፍቶቹም ባለፉት ዓመታት ታድሰዋል፤ “የድሮ ሶሻሊስት አገር ዕቃ” ብሎ የጠበቀ ሰው ይገረማል።

ከሳራዬቮ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ከሦስቱ እውነተኛ ከተማ አጠገቡ ያለው ይህ ብቻ ነው። አንድ ቀን እግር ሲዝል ወደ ድሮው ከተማ ባሽቻርሺያ ወርዶ ቼቫፒ የሚሉትን የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ መብላት፣ በ2018 እንደገና በተከፈተው ኬብል ካር ትሬቤቪች ተራራ ወጥቶ የተተወውን የኦሊምፒክ የቦብስሌይ መስመር በእግር መሄድ ይቻላል፤ ኮንክሪቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በግራፊቲ ተሸፍኗል። ሐላል ለሚፈልጉ ሙስሊም አንባቢዎች ደግሞ የድሮው ከተማ ጭንቀት የለበትም።

ከባዱን ነገር አልሸፍንም። ከ1992 እስከ 1995 የነበረው ጦርነት የቀበራቸው ፈንጂዎች በቦስኒያ ተራሮች ዛሬም ተጠርገው አላለቁም። በተከፈቱት መስመሮች ላይ ስጋት የለም፤ ግን ምልክት ከተደረገበት ወጥቶ ጫካ ውስጥ መግባት ሌላ አገር ጉብዝና ይባል ይሆናል፣ እዚህ እብደት ነው። ዛፍ መሐል እየገባ የሚያስቸግር ጎረምሳ ይዤ ያሆሪና አልሄድም።

ሌሎቹ የኪስ ጉዳዮች ናቸው። ቦስኒያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች የስልክ ኢንተርኔታችሁ በአገራችሁ ዋጋ አይሠራም፤ ሳትዘጉ ከገባችሁ የሚመጣው ቢል የሊፍቱን ቁጠባ ይበላዋል። ገንዘቧ ኮንቨርቲብል ማርክ ነው፣ 1 ዩሮ በ1.95583 ማርክ። የቀድሞው የቡልጋሪያ ሌቭም በዚሁ ቁጥር ነበር የታሰረው፣ ሁለቱም ከጀርመን ማርክ ጋር ስለተቆራኙ። ከአገሩ ወጥታችሁ ማርክ የሚመነዝርላችሁ ማግኘት ስለሚያስቸግር የተረፈውን እዚያው ጨርሱት። በተረፈ የሳራዬቮ ሸለቆ በዊንተር በጭጋግ ይታወቃል፤ በረራ የሚሰረዝባቸው ቀናት አሉ፣ በነጋታው ሥራ የሚገባ ሰው የመመለሻ ትኬቱን እሑድ ማታ ባያደርገው ይሻለዋል። የሚገርመው፣ ከተማው ጭጋግ ውስጥ ተቀብሮ ላይ ተራራው ጥርት ያለ ፀሐይ ሊሆን ይችላል።

ትንሽ ለመዱ ለሚባሉ፣ ልጅ ላልያዙ፣ ከስኪ ሌላ ከተማም ማየት ለሚወዱ ጓደኛሞች ያሆሪናን የሚያህል አላየሁም።

ክራንስካ ጎራ፣ ስሎቬኒያ

ይህኛው አጭር ነው፣ ምክንያቱም ጥሩም መጥፎም ጎኑ ከአንድ ነገር ይመጣል፤ መንደሩ ዝቅ ያለ ነው፣ 800 ሜትር ገደማ። ለጀማሪ የሚሆነው ሜዳማ መስመር ከቤቶቹ ጥግ ይጀምራል፤ ካረፉበት በእግር መድረስ ይቻላል፣ ሻንጣና ልጅ ይዞ ለሚንከራተት ወላጅ ትልቅ እረፍት። ነገር ግን ሞቃት ዊንተር ሲመጣ ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ነው። በረዶ የሚረጩ ማሽኖች አሉ፣ ማሽኑም ቢሆን ብርድ ካላገኘ አይሠራም። እዚህ ከወራት በፊት ከፍሎ መያዝን አልመክርም፤ መሰረዝ የሚቻል ማረፊያ ይዛችሁ የአየር ትንበያውን ተከታተሉ።

ማረፊያው ከሦስቱ ውድ ነው፣ ለደቡብ ጀርመንና ለኦስትሪያ ነዋሪ ግን የአውሮፕላኑ ወጪ ስለሚቀር ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል። ከሙኒክ በኦስትሪያዋ ፊላኽ በኩል በባቡር እስከ ስሎቬኒያዋ የሴኒትሴ ከተማ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። በመኪና የሚመጣ የኦስትሪያንም የስሎቬኒያንም ቪኜት (የአውራ ጎዳና ክፍያ) ይቁጠር፤ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው የካራቫንከን ዋሻ ደግሞ ለብቻው ይከፈልበታል። ዋሻውን ለመሸሽ በቩርትሰን ማለፊያ የሚመጡ አሉ፣ ዳገቱ እስከ 18 በመቶ ስለሚደርስ በረዶ በጣለ ቀን አልነካውም። ስሎቬኒያ ውስጥ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 15 የዊንተር ጎማ፣ ያለዚያ የጎማ ሰንሰለት መያዝ በሕግ ግዴታ ነው።

ከቤተሰቡ ስኪ የማይሞክር ሰው ካለ፣ እናት ወይም አያት፣ እዚህ ቀኑ አይረዝምባቸውም። ቅርብ ያለችው ፕላኒትሳ በ1936 ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በስኪ ከ100 ሜትር በላይ የዘለለባት ናት፤ መዝለያዎቹን ከሥር ቆሞ ማየት ብቻውን ያስደነግጣል።

ወረቀቱ

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ምርጫውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስሎቬኒያ ከ2007፣ ቡልጋሪያ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ሙሉ በሙሉ ሼንገን ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የጣልያን የመኖሪያ ፈቃድ ከፓስፖርቱ ጋር ይበቃል። እንግሊዝ የሚኖር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የቪዛው ወጪ በበጀቱ ይግባ።

ቦስኒያ ከሼንገን ውጭ ናት። የሼንገን የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያለው በአጭር ጉብኝት ይስተናገዳል፣ ሆኖም ኤምባሲያቸውን በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በእጃችሁ ያዙ። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ የወጣ ሰው መመለስ አይችልም። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘ ደግሞ “ጓደኛዬ ገብቷል” በሚል ትኬት አይቁረጥ፤ ጓደኛው ፓስፖርት ይዞ ሊሆን ይችላል።

የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ በቡልጋሪያና በስሎቬኒያ የመንግሥት ሐኪም ቤት ይሠራል፣ በቦስኒያ አይሠራም። ተጎድቶ ከተራራ መውረድን ግን የትም አይሸፍንም። ለዚያ የጉዞ መድን ስትገዙ ስኪ በስሙ ተጠቅሶ መካተቱን እዩ።

መቼ?

ትምህርት ቤት የማያስራችሁ ከሆነ ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው ርካሹ። ያሆሪና ላይ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ ገና አትሂዱ፤ ሰርቦች ገናን እንደኛው ጃንዋሪ 7 ስለሚያከብሩ ከሰርቢያ የሚመጣው እንግዳ ቦታውን ይሞላዋል። ቡልጋሪያ ማርች 3 ብሔራዊ በዓሏ ነው፣ በስሎቬኒያ ደግሞ ፌብሩዋሪ 8 የባህል በዓል ነው፤ እነዚህን የሚያካትት ቅዳሜና እሑድ ይጨናነቃል።

ምን ይገዛ፣ ምን ይከራይ

ስኪውም ጫማውም ይከራያል፣ አስቀድሞ በኢንተርኔት ሲያዝ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ጫማው ላይ አትቸኩሉ፤ ሳምንቱን የሚያበላሸው እሱ ነው። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ አውራ ጣት ጫፉን መንካት አለበት፣ ጉልበት አጠፍ ሲል ደግሞ ወደኋላ መሸሽ። ተረከዝ ከተነሣ ሰፍቷል፣ ሌላ ቁጥር አስመጡ። ሁለት ካልሲ ደርቦ መልበስ አያሞቅም፣ እግር ይልጣል እንጂ፤ አንድ ረዥም ካልሲ በቂ ነው። ሄልሜት ለሁሉም ሰው ተከራዩ። ከክራንስካ ጎራ ድንበር ተሻግራችሁ ጣልያን ታርቪዚዮ ልትንሸራተቱ ካሰባችሁ ደግሞ፣ እዚያ ሄልሜትም በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን መድንም ግዴታ ነው።

ሱሪ፣ ጃኬት፣ ጓንትና መነጽር መግዛት ይሻላል፤ ሊድልና አልዲ በየዓመቱ ዊንተር ሲገባ የስኪ ልብስ ያወጣሉ፣ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። የልጆቹን አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ። ጓንት ላይ ብቻ አትቆጥቡ፤ ውሃ የሚያስገባ ጓንት ያደረገ ልጅ ገና ምሳ ሳይደርስ ወደ ሆቴል እንሂድ ይላል፣ የዚያን ቀን የሊፍት ትኬትም አብሮ ይሄዳል።