ፓርከር 51 በቀለሙ ሲመዘን፦ ብርቁን ከተራው ለይቶ መግዛት

ከድሮ ብዕሮች መካከል በቀለሙ ተመርጦ ለመሰብሰብ ከሁሉ የሚሻለው ፓርከር 51 ነው። ይህን የምንለው እጀታው ስለተሠራበት ነገር ነው። ሉሳይት የሚባለው አክሪሊክ ፕላስቲክ ፀሐይም ዕድሜም ብዙ አይለውጠውም። በ1940ዎቹ ቡላ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ ብዕር ዛሬም ቡላ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደብረ ብርሃን ላይ ከጡረተኛ መምህር ወይም ከቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሣጥን አንድ 51 ቢወጣ፣ የሚታየው ቀለም ፋብሪካው የሰጠው ነው ብሎ መነሣት ይቻላል።

በሌሎቹ የድሮ ብዕሮች እንዲህ ማለት አይቻልም። በ1921 የወጣው ፓርከር ዱኦፎልድ መጀመሪያ የተሠራው ከጠንካራ ጎማ ነበር። ጥቁር ጠንካራ ጎማ ብርሃንና እርጥበት ሲፈራረቁበት ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ አንዳንድ ሻጭ ይህን “ያልተለመደ ቡናማ” ብሎ ያቀርበዋል። ክዳኑን ፈትቶ፣ ክዳኑ ሸፍኖት የኖረውን ክፍል ማየት ነው። እሱ ጥቁር፣ የቀረው ቡናማ ከሆነ ብዕሩ ተጎድቷል እንጂ ብርቅ አይደለም። ሴሉሎይድ በሚባለው የድሮ ፕላስቲክ የተሠሩት ደግሞ ከውስጥ ይበላሻሉ። ቀለም የሚይዘው የላቴክስ ከረጢት የድኝ ጋዝ ስለሚለቅ፣ ጄድ የሚባለው ደማቅ አረንጓዴ እጀታ ወደ ወይራ ይጠቁራል፤ ከረጢት የማያርፍበት ክዳን ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ክዳንና እጀታ ሲለያዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። በ1927 የመጣው ቢጫው ማንዳሪን የሎው ዱኦፎልድ እውነተኛ ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ ተሰባሪ ነው፤ የክዳኑ ከንፈር ያልተሰነጠቀ ማግኘት ከባድ ነው። ለጀማሪ አንመክረውም።

ወደ 51 እንመለስ። ፓርከር ኩባንያ በ1888 ተመሥርቶ 51ኛ ዓመቱን በያዘበት በ1939 ተነድፎ፣ በ1941 ለገበያ ቀረበ፤ እስከ 1972 ድረስ ተሠራ። ብርቅ ቀለም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የአሞላሉን ዓይነት ነው፤ የትኛው ቀለም በየትኛው ዘመን እንደተሠራ የሚመሰክረው እሱ ነውና። ከ1941 እስከ 1948 የተሠሩት ቫኩማቲክ ናቸው። በጅራታቸው ጫፍ ትንሽ ቆብ አለች፤ እሷ ስትፈታ የሚጫን ዘንግ ይወጣል፤ ቀለሙም በቀጥታ እጀታው ውስጥ ይገባል። ከ1948 ወዲህ ያሉት ኤሮሜትሪክ ናቸው። የእነዚህ እጀታ በሙሉ ተፈትቶ ይወጣል፤ ከሥሩ የብረት ሽፋን ያለው ከረጢት ይገኛል፤ ሽፋኑም ላይ ስንት ጊዜ እንደሚጫን ተጽፏል። የቫኩማቲክን እጀታ እንደ ኤሮሜትሪክ ለመፍታት መሞከር ግን ብዕሩን መስበር ነው። መጋጠሚያው ቀለም እንዳያሳልፍ ተጣብቆ የታሸገ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት መደበኛ ቀለሞች አራት ናቸው፦ ጥቁር፣ ኮርዶቫን ብራውን (ዳማ)፣ ዶቭ ግሬይ (ፈዛዛ ግራጫ) እና ሲዳር ብሉ (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)። ሰብሳቢን እንቅልፍ የሚነሱት ከቫኩማቲክ ዘመን ሦስት ናቸው፤ አረንጓዴው ናሶ ግሪን፣ የሎውስቶን የሚባለው የሰናፍጭ ቢጫ፣ እና ቡላው በክስኪን። ሦስቱም ጥቂት ጊዜ ተሠርተው የቆሙ ናቸው። በኤሮሜትሪክ ዘመን ጥቁር፣ በርገንዲ (ጠቆር ያለ ቀይ)፣ ሚድናይት ብሉ (ጥቁር የሚመስል ሰማያዊ)፣ ቲል ብሉ (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ኔቪ ግሬይ (ግራጫ)፣ ፎረስት ግሪን (ጠቆር ያለ አረንጓዴ) እና ኮኮዋ (ቡናማ) ይገኛሉ። ከዚህ ዘመን ብርቁ ፕለም ነው፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለአጭር ጊዜ የተሠራ ወይን ጠጅ። አንድ አረንጓዴ 51 ኤሮሜትሪክ ከሆነ ፎረስት ግሪን ነው፤ ናሶ ግሪን ብሎ የናሶ ዋጋ መጠየቅ አያዋጣም። ናሶው ቫኩማቲክ ነው፤ ቀለሙም ከፎረስቱ ይፈዛል።

በቫኩማቲክ ላይ ሌላ ምስክር አለ። እጀታው ከብረት ቀለበቱ አጠገብ በተቀረጸው ጽሑፍ መጨረሻ አንድ ቁጥርና ነጥቦች ይታያሉ። ቁጥሩ የዓመቱ መጨረሻ አኃዝ ነው። ሦስት ነጥብ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት፣ ሁለት ነጥብ ሁለተኛው፣ አንድ ነጥብ ሦስተኛው፣ ነጥብ ከሌለ አራተኛው ነው። ቫኩማቲክ 51 ከ1941 እስከ 1948 ብቻ ስለተሠራ አኃዙ አሻሚ አይሆንም፤ 3 ማለት 1943 ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። የሎውስቶን ወይም በክስኪን እጀታ ላይ 7 ወይም 8 ከተገኘ ቆም ብሎ መጠራጠር ይገባል። ጽሑፉ በእጅ መታሸት ብዛት ስለሚደበዝዝ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዞ ብርሃኑን ከጎን መላክ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ብርሃን። ቀለም የሚሳሳቱ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሳሳቱት በብርሃን ነው። ቢጫ አምፖል ሥር ፕለምና በርገንዲ አንድ ይሆናሉ፤ አምፖሉ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያንሰው የፕለሙ ሰማያዊ ድርሻ ይጠፋል፣ ቀዩ ብቻ ይቀራል። ትክክለኛው ቦታ ከቤት ውጭ፣ ከግድግዳ ጥላ ሥር፣ ነጭ ወረቀት ላይ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ። ቀጥተኛ የደብረ ብርሃን ፀሐይ ደግሞ ሉሳይቱ ላይ እያንጸባረቀ ያሳስታል። አንኮበርና ጣርማ በር ጉም በያዘው ቀን ጥቁሩ፣ ሚድናይት ብሉውና ፎረስት ግሪኑ ሁሉም ጥቁር ይመስላሉ፤ እንዲህ ባለ ቀን ውሳኔ አይሰጥም። ጥቁርን ከሚድናይት ብሉ ለመለየት የስልክ መብራት እጀታው አፍ ላይ፣ የመፍቻ ጥርሱ ባለበት በኩል ይበራል፤ ሰማያዊው ጠርዙ ላይ ይታያል፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ስልኩ ራሱ ቀለሙን ያስተካክላልና። ሻጩ ሦስት ፎቶ ይላክ፦ አንገቱና እጀታው የሚገናኙበት፣ እጀታው የተፈታበት (ቫኩማቲክ ከሆነ የጅራቱ ቆብ ብቻ)፣ እና ጽሑፉ። ሁሉም ከነጭ ወረቀትና ከአንድ ጥቁር ብዕር ጋር ይነሡ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከታየ ብዕሩም አልታየም ማለት ነው።

ዋናው ማጭበርበሪያ ግን ሌላ ነው፤ የክፍሎች መቀያየር። የ51 ጫፍ በአንገቱ ሽፋን ውስጥ ተደብቋል፤ ሽፋኑ ከእጀታው ጋር አንድ ቀለም መሆን አለበት፤ በቫኩማቲክ የጅራቱ ቆብም እንዲሁ። አንገት ሲሰነጠቅ ጠጋኞች ከሌላ ብዕር ያወጡትን ይገጥሙበታል። ቲል ብሉ እጀታ ላይ ሲዳር ብሉ አንገት፣ በርገንዲ ላይ ፕለም፣ ሲያዩት የሚቀራረቡ ናቸውና ሳይታወቅ ያልፋል። አንገትና እጀታ ጎን ለጎን ሆነው፣ የብረት ቀለበቱ መሀላቸው ሲታይ ዓይን ይታለላል፤ ቀለበቱ ራሱ ስለሚያንጸባርቅ። ስለዚህ ቀለበቱን በጠባብ ነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ሁለቱን ማየት ነው። ብዕሩንም ዞር እያደረጉ ቢያንስ በአራት አቅጣጫ ማየት ይሻላል። ልዩነት ከተገኘ ያ ብዕር ለመጻፍ ይሆናል፤ ለስብስብ ግን ከተራ ቀለም ዋጋ በላይ አይከፈልበት።

የተቀባ ብዕርም ይኖራል። ሉሳይት ቀለሙ ከውጭ እስከ ውስጥ አንድ ነው፤ የጥርሱ ጎድጓዳ በመነጽር ሲታይ ሌላ ቀለም ካሳየ ወይም ጭረቱ ሥር ሌላ ከታየ የተቀባ ነው።

51 የሚመስሉት ደግሞ ብዙ ናቸው። ፓርከር 21 በ1948 የወጣ ርካሽ ወንድሙ ነው፤ ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ስለተሠራ አንገቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይበዛበታል። የቻይናዎቹ ሂሮና ዊንግ ሰንግ አንገታቸው እንደ 51 የተሸፈነ ነው፤ ክዳናቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ይለያቸዋል፤ ለመጻፍ መልካም ናቸው። ከሁሉ የሚያሳስተው ፓርከር ራሱ በቅርብ ዓመታት ያወጣው አዲሱ 51 ነው። በፕለም፣ በቲልና በበርገንዲ ይገኛል። ክዳኑ እየተሽከረከረ ይፈታል፣ ውስጡም ካርትሬጅ (ቀለም ተሞልቶ የሚመጣ ቀፎ) ይቀበላል። የድሮው ክዳን ግን በቀጥታ ይሳባል። “ፕለም 51 አለኝ” ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ክዳኑ ይሽከረከራል ወይስ ይሳባል የሚለው ነው።

ብዕሩ ካልጸዳ ቀለሙ አይፈረድበትም። ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ይበቃል። አረቄ አይነካው! የደብረ ብርሃን አረቄ ብዙ ነገር ያጸዳል፤ ሉሳይት ላይ ግን አልኮሉ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ጥቃቅን ስንጥቅ ያመጣል፤ ያ ደግሞ አይመለስም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የባሰ ነው፤ ያቀልጠዋል። ብረት መወልወያም ክዳኑንና ጽሑፉን ይበላል፤ ጽሑፉ የጠፋ ቫኩማቲክ ዓመቱን መመስከር አይችልም።

ኤሮሜትሪኩን ለማጠብ ጫፉን ውሃ ውስጥ ነክሮ የብረቱን መጫኛ ቀስ እያሉ እየጫኑ መልቀቅ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ መደጋገም ነው። ካልጠራ ጫፉ ብቻ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይደር። ከዚያ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ በሶፍት ላይ ለ24 ሰዓት ማቆም። የፈላ ውሃ ፈጽሞ አይሆንም፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እሱም ቢሆን ሉሳይቱን ለማጣመም ይበቃል። የቫኩማቲክ ጣጣ ይበልጣል። ውስጡ ያለው የጎማ ዲያፍራም (ቀለሙን የሚስበው ስስ ጎማ) በዕድሜ ይደርቃል፤ ሱፐርክሮም የሚባለው የ1947 የፓርከር ቀለም የገባበት ከሆነ ደግሞ የባሰ ተበልቷል። ዲያፍራሙን ለመለወጥ ልዩ መፍቻ ስለሚያስፈልግ፣ በፒንሳ የሚጀምር ሰው እጀታውን ይሰነጥቃል። ብርቅ ቀለም ያለው ቫኩማቲክ ሳይሞላ ቢቀመጥ ምንም አይጎድልበትም።

ለሚጽፉበት ሰዎች አንድ ነገር። ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በደብረ ሲና አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ሲወጣ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ብዕሩ ውስጥ የታፈነው አየር ወደ ሩብ የሚጠጋ ይሰፋል፣ ቀለሙንም ወደ ውጭ ይገፋል። በግማሽ የተሞላ ብዕር የሚያፈሰው ለዚህ ነው፤ ብዙ አየር አለበትና። ከመነሣት በፊት ወይ ሙሉ በሙሉ መሙላት፣ ወይ ባዶ ማድረግ፤ በኪስም ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቁም። የኤሮሜትሪኩ ውስጣዊ የአየር ቱቦ ግፊቱን የምታስተነፍስ ትንሽ ቀዳዳ ስላላት ከሌሎቹ ይሻላል፤ ግን መቶ በመቶ አታድንም።

ከአዛውንት ቤት ሲገዛ አካሄድ አለው። “አባባ፣ ከፈቀዱልኝ እጀታውን ልፈታው?” ሳይሉ መፍታት ነውር ነው፤ ሳይፈታ መግዛት ደግሞ ኪሳራ ነው። ብዙዎቹ ብዕሮች ሽልማት ወይም የማስታወሻ ስጦታ ስለነበሩ ስም ተቀርጾባቸዋል። ስሙ ለስብስብ ዋጋውን ትንሽ ያሳንሳል፤ ለማስፋቅ መሞከር ግን ቀለሙንም ቅርጹንም ያበላሻል፤ እንዳለ ይቀመጥ።

ፍርዳችን ይህ ነው። ለመጀመሪያ ግዢ ኤሮሜትሪክ ቲል ብሉ ወይም ፎረስት ግሪን፤ አንገቱና እጀታው አንድ የሆነ፣ የሚጽፍ። ቀጥሎ ፕለም፣ በቀን ብርሃን ከበርገንዲ ጎን ተስተያይቶ። ናሶ፣ የሎውስቶንና በክስኪን ዓይን ከለመደ በኋላ፣ ቁጥራቸው የሚነበብ ከሆነ ብቻ። ስብስቡ የሚቀመጠው በደረቅ የእንጨት ሣጥን ነው፤ የላቴክስ ከረጢት ካላቸው ሴሉሎይዶች ተለይቶ። ለብል ተብሎ ልብስ ሣጥን ውስጥ የሚጣለው ናፍታሌን ደግሞ ፖሊስታይሪንን ስለሚያለሰልስ፣ በተለይ ፓርከር 21 ያለው ሰው ከዚያ ሣጥን ያውጣው።